የቀይ መስቀል የማፈላለግ አገልግሎት በእናቴ ሚዛን

ልጇ፣ ወንድሟ ወይም ባሏ ዘምቶ ደብዛው ለጠፋባት ሁሉ አስቀድሜ ልናገር፦ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የሚሰጠው የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግና የማገናኘት አገልግሎት ገንዘብ አይጠየቅበትም። "እኔ ላስጨርስልሽ" የሚል ደላላ ከመጣ ከበሩ ይመለስ። እኔ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ እናቴ ደግሞ ሦስት ተኩል ትላለች። በዚህ ጉዳይ የእርሷ ፍርድ ይበልጣል።

የበኩር ልጇ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ የነበረው የደርግ ጦር ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ በሻዕቢያ እጅ ሲፈርስ እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሆኗል፤ መጀመሪያ ለራሷ ልጅ፣ ኋላ ለሰው ልጅ። ወረቀቶቿን የያዘውን ቦርሳ አንግቼ የምከተላት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የማወራው ካየሁት ነው።

ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ነው፤ በክልል ያላችሁ የአካባቢያችሁን ቅርንጫፍ ጠይቁ። የወንድሜን መዝገብ ለማሳደስ በሄድንበት ቀን የተቀበለን ወጣት "እማማ፣ ይቀመጡ" ብሎ ወንበር አቀረበላትና ቅጹን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ፣ አብሮት የነበረ ሰው። ይህን ሁሉ ሌላም ቦታ ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ግን "የቤት ስም ነበረው?" አላት። እናቴ ቀና ብላ አየችው። "እኛ የምንጠራውን ነው ወይስ ጓደኞቹ የሚጠሩትን?" "ሁለቱንም ይንገሩኝ" አለና ሁለቱንም ጻፈ። የትውልድ ቀበሌው ስሙ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ስትነግረው ደግሞ ክርስትና የተነሣበትን ደብር አስመዘገባት። ካምፕ ውስጥ ወይም ጦር ሜዳ ላይ ሰው በመታወቂያ ስሙ እንደማይጠራ የገባው ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው። ከሰጠሁት አራት ኮከብ አንዱ ለዚያች ጥያቄ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ የጠፋው ሰው ይገኛል ወይ? ይህ በአብዛኛው የሚወሰነው በየትኛው ጦርነት እንደጠፋ ነው፤ ለእናቶች ደግሞ ይህን አስቀድሞ የሚነግራቸው የለም።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ የተጀመረው ጦርነት በሁለት መንግሥታት መካከል ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ማራኪው ወገን የምርኮኛውን ስም እንዲያሳውቅ፣ ምርኮኛውም ለቤተሰቡ እንዲጽፍ እንዲፈቀድለት ያዛል። ኤርትራ ስምምነቱን የተቀበለችው ነሐሴ 1992 ነው፤ የቀይ መስቀል ሰዎችም እዚያ የተያዙትን ኢትዮጵያውያን መጎብኘት የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ስልክ ተቆርጦ፣ ድንበር ተዘግቶ ሳለ በዚህ መንገድ የቀይ መስቀል መልእክት ላከ። ይህ መልእክት ክፍት ወረቀት ነው፤ ባለሥልጣን ያነበዋል፣ ከቤተሰብ ወሬ በቀር ምንም አይጻፍበትም። ጎረቤታችን ፊደል ስላልቆጠሩ ያነበበችላቸው እናቴ ናት፦ "ደህና ነኝ። የቤቱ ቆርቆሮ ተቀየረ ወይ?" ከመዝመቱ በፊት እቀይረዋለሁ ብሎ ቃል የገባው ቆርቆሮ ነው። ጎረቤታችን እልል አሉ፤ በማግስቱም ቆርቆሮ ሊገዙ መርካቶ ወረዱ። ልጁ ነሐሴ 1994 ኤርትራ የቀሩትን ምርኮኞች ስትለቅ ተመለሰ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በእጇ የቀሩትን ኅዳር 1995 ለቀቀች።

አፋቤት ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሻዕቢያ መንግሥት አልነበረም፤ ጦርነቱ የእርስ በርስ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ለእርስ በርስ ጦርነት ከጄኔቫ ስምምነቶች የሚደርሰው የጋራ አንቀጽ 3 ደግሞ ምርኮኛን አትግደል፣ አታሠቃይ፣ ቁስለኛን አንሣ ይላል እንጂ ስም ዝርዝር ላክ አይልም። ስለዚህ ፍለጋው በሰው ትዝታ ላይ ይወድቃል፤ ማን ከማን ጋር ነበር፣ ማን የት አየው። ለእናቴ የመጣላት መልስ አጭር ነበር፤ በተሰጠው መረጃ ሊገኝ አልቻለም፣ መዝገቡ ግን አልተዘጋም። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እርሷ መነጽሯን አውልቃ "ቢያንስ አልዋሹኝም" አለች። ቀደም ብሎ አንድ ጠንቋይ "ሱዳን ነው፣ አግብቶ ወልዷል" ብሎ በግ አስገዝቷታል። ሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ ለጡረታ ጉዳይ የሞት ማስረጃ አምጪ አላት። ማስረጃ ይሰጣል የተባለው ክፍል ስትሄድ "በዝርዝራችን ሞተ አይልም" ተባለች። "እንግዲህ ሞቷል ነው ወይስ አለ?" ብላ ስትጠይቅ ጸሐፊዋ ሻይ ልትጠጣ ወጣች።

እናቴ ለሰው መሟገት የጀመረችው ከዚያች ጸሐፊ በኋላ ይመስለኛል። መርዶ ያልተነገረው ሰው ፍትሐት የለው፣ ተስካር የለው፤ ሚስቱ ጥቁር አትለብስ፣ አታገባም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው በፍርድ ቤት ጠፍቷል እንዲባል ጥቅም ያለው ሰው ሊያመለክት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ከአንድ ጠበቃ ሰምታ ስንት የሰፈር ሴት ይዛ ፍርድ ቤት እንደሄደች እግዜር ይወቅ። ለራሷ ልጅ ግን አላመለከተችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እድራችን ጋር የተጣላችውም በዚሁ ነው። አስከሬን ወይም መርዶ ከሌለ እድር አይከፍልም፣ ድንኳን አይተክልም ነበር። በጠቅላላ ጉባኤው ተነሥታ "እኔ ላልመጣ ልጅ ስንት ዓመት አዋጣሁ፤ እናንተ ግን አስከሬን አሳዩኝ ትላላችሁ" ብላ ደንቡን አስቀየረች። አሁን የፍርድ ቤት ውሳኔ ላመጣ ቤተሰብ እድሩ ሙሉውን ያደርጋል። ሰብሳቢው እስከ ዛሬ ሲያያት ኮፍያውን ያነሣል።

ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃን ነገር በተናገረች ቁጥር ቢሮ ውስጥ ያሉት ይስቃሉ፣ እርሷ ግን አትስቅም። በኮሪያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ አንድም ግን ምርኮኛ አልቀረም፣ አስከሬናቸውም ወደ አገር መጥቷል። "ያን ያህል ባሕር አሻግረው ያመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከአፋቤት ማምጣት ምን ይከብዳል?" ትላለች። መልስ የሰጣት የለም።

ከእኔ ግማሽ ኮከብ የቀነሰችውም እዚህ ላይ ነው። ቀይ መስቀል "ጠያቂ እንጂ አስገዳጅ አይደለም" ትላለች። ተዋጊው ወገን ካልተናገረ እነርሱም አይናገሩም፤ የሰሙትንም ያለ ፈቃድ ለሌላ አያወጡም። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ በአንቀጽ 32 ቤተሰብ የዘመዱን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። እናቴ አንቀጹን በቃሏ ትወጣዋለች፤ ግን መብቱን ማስፈጸም የመንግሥታት ሥራ ነው፣ ለቀይ መስቀል ኮከብ በመቀነስ የሚመጣ ነገር የለም። በዚህ ላይ አልተስማማንም።

ሐምሌ 2010 የአሥመራ ስልክ ሲከፈት ብዙ ሰው እንዳደረገው እርሷም ያገኘችውን ቁጥር ደወለች። ያነሣው ሰውዬ አዲስ አበባ ያለች አክስቱ መስላው ሰላምታውን ሲያወርደው ቆየ። አለመሆኗን ሲያውቅም አልዘጋውም፤ አፋቤት መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ሲነግራት አመሸ። ይህ እንኳ ከግምገማው ጋር አይገናኝም፤ ደስ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ከ2013ቱ የሰሜን ጦርነት ወዲህ የሚመጡት እናቶች ወጣቶች ናቸው። ጦርነቱ ጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም ጥያቄያቸው አልቆመም። ስልክ በተቋረጠባቸው ቦታዎች የቀይ መስቀል ሰዎች በሳተላይት ስልክ ሲያገናኙ እንደነበር ስለምታውቅ፣ የደወሉበት ጊዜና ቦታ ካለ መጀመሪያ እርሱን እንዲያስመዘግቡ ትነግራቸዋለች። ሳሎናችን ውስጥ የወሎዋም የመቀሌዋም እናት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቡና ጠጥተዋል። ሕጓ አንድ ነው፦ የማን ልጅ ለማን ተዋጋ አይባልም። አንዲቱ ልትጀምር ስትል "ቅጹ ላይ ይህ ጥያቄ የለም" ብላ አስቆመቻት።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ጉርድ ፎቶግራፍ ካላችሁ ዋናውን አትስጡ፣ ኮፒ አስነሡ። ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃ፣ የምታውቁትን ያህል ጽፋችሁ ያዙ፤ የጓደኞቹንም ስም ጨምሩ፤ ከእርሱ ይልቅ ጓደኛው ሊገኝ ይችላል። ጠባሳ፣ የወለቀ ጥርስ፣ የተሰበረ አጥንት ካለ ተናገሩ። ስልክ ቁጥር ወይም ቤት ስትቀይሩ ተመልሳችሁ አስመዝግቡ፤ መልስ መጥቶ ባለቤቱ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ለመልስ ስትጠሩ ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ። የሚሄድላችሁ ሰው ከሌለ እናቴ አለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ጠዋት ይሁን።