የእናቴን የክንድ እብጠት ላስታገሰችልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በደብረ ማርቆስ ከተማ የምትሠራ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገን እና እንደ እናቴ ያለ እብጠት ይዟቸው ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ግራ ለገባቸው ሰዎች ለመጠቆም ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ራሷ ስለጠየቀችኝ ፈቃዷን አክብሬ «እህታችን» እያልኩ እጠራታለሁ።

እናቴ በ2015 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ በብብታቸው ያሉት የሊምፍ ዕጢዎችም አብረው ወጡ፤ ቀጥሎ የጨረር ሕክምና ተከታተሉ። ሕክምናውን ጨርሰው ወደ ማቻከል ወረዳ፣ አማኑኤል ወደሚገኘው ቤታችን ሲመለሱ ሁላችንም «ተመስገን፣ አለፈ» ብለን ነበር። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ ግን የቀኝ እጃቸው ከጣታቸው ጀምሮ እስከ ትከሻቸው እየከበደ መጣ። መጀመሪያ ቀለበታቸው ጠበበ፤ ቀጥሎ የቀሚሳቸው እጅጌ አላስገባ አለ፤ በመጨረሻም እንዝርት ማሾር አቃታቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ባዘቷቸውን በሙዳይ ከድነው ሲያስቀምጡ ማየት ለእኔ ከእብጠቱ በላይ የከበደ ነገር ነበር።

በመካከሉ አንድ ስህተት ሠርተናል፤ ሌላው እንዳይደግመው ስል እናገራለሁ። በሰው ምክር እናቴን ወደ አንድ አሺ ወሰድናቸውና ሰውየው ክንዳቸውን በቅባት አጥብቆ አሻቸው። በማግሥቱ እጃቸው ከቀድሞው ብሶ አደረ። ሰውየው ለክፋት አላደረገውም፤ ለወለምታ የሚያውቀውን ሙያ ለማያውቀው በሽታ ማዋሉ ነው ጉዳቱ።

ወደ እህታችን የላከን እናቴን በደብረ ማርቆስ የተመለከታቸው ሐኪም ነው። በመጀመሪያው ቀን ክንዳቸውን ለማሸት አልቸኮለችም። የአዲስ አበባውን የሕክምና ወረቀት አንድ በአንድ አነበበች፤ ካንሰሩ እንዳልተመለሰ በቅርብ ጊዜ መታየቱን ጠየቀች፤ የልብ ሕመም ወይም በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት ነበረባቸው እንደሆነ አጣራች። ከዚያም ልብስ ሰፊ በሚይዘው ሜትር ሁለቱንም ክንዶች ከእጅ አንጓ ጀምራ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እየለካች በደብተር መዘገበች። እብጠቱ በበረታበት ቦታ በሁለቱ ክንዶች መካከል የ6 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነበር።

ሊምፍ ምን እንደሆነ ያስረዳችን በዚያው ቀን ነው። ከደም ሥሮች ወደ ሰውነታችን ሕብረ ሕዋስ የሚወጣው ፈሳሽ ሁሉ በደም ሥሮቹ በኩል ተመልሶ አይገባም፤ ከፊሉ በቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ተሰብስቦ፣ በዕጢዎቹ በኩል ተጣርቶ፣ በአንገት ሥር ካሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ፈሳሽ እንደ ልብ ያለ ገፊ የለውም፤ የሚሄደው በቧንቧዎቹ በራሳቸው መኮማተር፣ በጡንቻ እንቅስቃሴ እና በትንፋሽ ነው። የብብት ዕጢዎች ሲወጡ እና አካባቢው በጨረር ጠባሳ ሲይዝ መንገዱ ይዘጋል፤ ፈሳሹም ክንድ ላይ ይቀራል።

ሕክምናው ማኑዋል ሊምፋቲክ ድሬኔጅ (የሊምፍን ፈሳሽ በእጅ ወደ መውረጃው መምራት) ይባላል፤ ኤሚል ቮደር የተባሉ የዴንማርክ ሰው ከባለቤታቸው ከኤስትሪድ ጋር ያበጁት እና እ.ኤ.አ. በ1936 በፓሪስ ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። እህታችን ሥራዋን ስትጀምር ያበጠውን ክንድ ትታ ከአንገት ጀመረች፤ እናቴን በሆዳቸው በረጅሙ እንዲተነፍሱ አደረገች፤ ከዚያም ወደ ጤነኛው የግራ ብብት ሄደች። እናቴ ግራ ገብቷቸው «ልጄ፣ ያመመኝ እኮ እጄን ነው» አሏት። እሷም «እማማ፣ ማሳ ላይ ውኃ ሲተኛ መጀመሪያ የሚጠረገው የታችኛው ቦይ አይደል? መውረጃው ሳይከፈት ብንገፋው ውኃው የት ይገባል?» አለቻቸው። እናቴ የገበሬ ልጅ ስለሆኑ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

እጇን በቅርብ ሆኜ ተመልክቻለሁ። ቅባት አትቀባም። መዳፏን ቆዳው ላይ ታሳርፍና ሳታንሸራትት ቆዳውን ብቻ ወደ ፈለገችው አቅጣጫ በቀስታ ትስባለች፤ ትለቃለች፤ ጥቂት ቆይታ ትደግማለች። እናቴ አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። የላይኞቹ የሊምፍ ቧንቧዎች ከቆዳ ሥር ስለሆኑ ጉልበት እንደማያስፈልጋቸው፣ እንዲያውም ጉልበት እንደሚጎዳቸው የገባኝ ያኔ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ከሠራች በኋላ እያንዳንዱን ጣት በስስ ፋሻ፣ ክንዱን ደግሞ በጥጥ እና ብዙ በማይለጠጥ ፋሻ ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያደረገች ትጠመጥመዋለች። «የእኔ እጅ ብቻውን አይበቃም፤ ፋሻው ካልታሰረ ፈሳሹ ተመልሶ ይመጣል» ብላ በግልጽ ነግራናለች። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሦስት ሳምንታት በዚህ መንገድ ከታከሙ በኋላ ልዩነቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ፈጽሞ ይድናል ብላ ግን አንድ ቀን እንኳ ተስፋ አልሸጠችልንም፤ ዕድሜ ልክ በጥንቃቄ የሚያዝ ነገር መሆኑን ከመጀመሪያው ነው የነገረችን።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ሳትሠራ ስለዋለችበት ቀን ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እናቴ ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጣቸው አድረው መጡ፤ ክንዳቸው ቀልቶ ይፋጅ ነበር። እኛ ምች ነው ብለን ነበር። እህታችን የእጇን ጀርባ ወደ ክንዳቸው አስጠግታ ሙቀቱን እንዳየች «ዛሬ አልሠራልዎትም፤ ይህ ኢንፌክሽን ነው፤ አሁኑኑ ሐኪም ይይዎት» አለች፤ ማስታወሻ ጽፋ ከእኔ ጋር ላከቻቸው። በዚያ ሁኔታ ላይ ማሸት አደጋ እንዳለው ሐኪሙም አረጋገጠልን፤ አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው። ሕክምናው የቀጠለው ትኩሳቱም ቅላቱም ከጠፋ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ክፍያ አልተቀበለችም።

መንገድ ተዘግቶ ወደ ማርቆስ መሄድ የማንችልባቸው ሳምንታት እንደሚኖሩ ስለምታውቅ ፋሻ አጠማጠሙንም የእጅ አሠራሩንም አስተማረችኝ፤ በትክክል እስክሠራው ድረስ ፋሻውን እያስፈታች ደጋግማ አስጠመጠመችኝ። እናቴንም እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ እንዳያቃጥላቸው፣ ጓሮ ሲያርሙ ጓንት እንዲያደርጉ፣ ቆዳቸውን በየዕለቱ አጥበው ቫዝሊን እንዲቀቡ፣ ትንሽ ጭረት እንኳ ብትሆን እንዳይንቁ አደራ አለቻቸው። ጭረቷ የጀርም መግቢያ እንደምትሆን አንድ ጊዜ በራሳቸው ስላዩት አሁን የሚያስታውሱን እሳቸው ናቸው።

በክፍሏ ደጃፍ ወረፋ ስንጠብቅ ዝሆኔ ያለባቸው አንድ አባትም ይመጡ ነበር። በጎጃም ይህን በሽታ የማያውቅ የለም፤ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሆኖ ሳለ ስንቱን ከሠርግ እና ከማኅበር እንዳስቀረ እናውቃለን። እህታችን እግራቸውን በሳሙና እና በውኃ አጥባ፣ የጣቶቻቸውን መሐል ሳይቀር አድርቃ፣ ቅባት ቀብታ፣ ፋሻ ጠምጥማ፣ ሰፊ ጫማ አድርገው ሲወጡ አይቻለሁ። ያንን እግር ስትይዝ ፊቷን ዘወር አድርጋ አታውቅም፤ እሳቸውም ከሁለተኛው ቀን በኋላ እግራቸውን በጋቢ መሸፈን ተዉ።

ከካንሰር ሕክምና በኋላ ክንዱ ወይም እግሩ ያበጠበት፣ ወይም የዝሆኔ እብጠት ያለበት ሰው ካላችሁ ሳይጠነክር በጊዜ እንድትወስዱት እመክራለሁ። ሆኖም አንድ እግር በድንገት አብጦ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች አብጠው ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ቅድሚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እሷም ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ የሐኪም ወረቀት ነው። ከሩቅ የምትመጡ ለተከታታይ ሳምንታት ማርቆስ የምታርፉበት ቤት አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እየተመላለሱ መጀመር ብዙም አይጠቅምም። አድራሻዋን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

እናቴ ከፋሲካ በኋላ ሙዳያቸውን ከፍተዋል፤ ክንዳቸውን አጥብቆ የሚይዘውን የላስቲክ እጅጌ አጥልቀው፣ ሲደክማቸው እያረፉ ይፈትላሉ። የመጀመሪያውን ልቃቂት ለእህታችን ነጠላ ብለው የለዩት ሲሆን፣ ድሩ እና ማጉ ተሟልቶ ባለፈው ሳምንት ለሸማኔው ተሰጥቷል።