ነጭ ሳር፦ ገንዘባችሁን አስጎብኚው ላይ አውሉት

አርባ ምንጭ ሄደው አዞ ገበያን በጀልባ አይተው፣ ዓሣ በልተው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። በእውነት ይቆጨኛል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ካለው ከእግዜር ድልድይ ባሻገር ሰፊው የነጭ ሳር ፓርክ ሜዳ አለ፤ እዚያ ደግሞ የሜዳ አህያ መንጋ። የምጽፈው ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ሜዳው ድረስ ስለሚደረገው የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለአስጎብኚው ከ5 5፣ ለፓርኩ 4፣ ለተከራየነው መኪና 1።

በመኪናው ልጀምርና ልገላገል። አከራዩ "ፎር ዊሉ ይሠራል" ብሎ ነው የሰጠን። አይሠራም። ዳገቱ ላይ ድንጋዩ ሲበዛ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል፤ እኛ ወርደን እንገፋለን። ሾፌሩም ልቡ ቶሎ አድርሶ ቶሎ መመለሱ ላይ ነበር። መንገዱ ግን ጥድፊያ አይወድም። ከከፍታው ላይ በአንድ በኩል አባያ ቀላ ብሎ፣ በሌላው በኩል ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እዚያ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እኛ በሩጫ አለፍነው።

ቀኑን ያዳነልን አስጎብኚው ነው። የአካባቢው ልጅ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ሜዳው ላይ እንደወጣን ሾፌሩን "ወንድሜ፣ ሞተሩን አጥፋው። እነሱ ራሳቸው ይምጡ" አለው። ጠበቅን። እውነትም መጡ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ውሎዬ ከጋሪ አህያና ፈረስ ጋር ነው። ስለዚህ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ጀርባቸው ላይ ነው። ቁስል የለም። የኮርቻ መላጣ የለም፣ የገመድ ጠባሳ የለም። ኮቴያቸው ድንጋይና ደረቅ መሬት ሞርዶት ልክ ሆኗል። በሙያዬ እንዲህ ያለ ጤነኛ ጀርባ በብዛት አይቼ አላውቅም። ልቤ ተነካ።

አስጎብኚው ማን ከማን ጋር እንደሆነ በጣቱ እያሳየ አስረዳን። የነጭ ሳሮቹ የሚኖሩት በቤተሰብ ነው። አንድ ድንጉላ፣ ጥቂት ባዝራዎችና ውርንጭሎቻቸው። ሲንቀሳቀሱ ብዙ ጊዜ ትልቋ ባዝራ ከነልጇ ትቀድማለች፤ ድንጉላው ከኋላ ይከተላል። ሚስት ያላገኙ ወንዶች ለብቻቸው ተቧድነው ይግጣሉ። አንዱ ድንጉላ የባዝራዋን ሽንት አሽትቶ አንገቱን ቀና አደረገና የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ቀለበሰ። ድዱ ሁሉ ታየ። ይህን ፈረስም አህያም ያደርገዋል፤ የባዝራዋ ጊዜ መድረስ አለመድረሱን የሚያውቀው በዚህ ነው። አስጎብኚው ይህን ሁሉ ሳንጠይቀው ነገረን።

ከባዝራዎቹ አንዷ ገና ትንሽ ውርንጭላ ነበራት። የልጆቹ መስመር እንደ ትልልቆቹ ጥቁር አይደለም፤ ወደ ቡና ይወስደዋል፣ ፀጉሩም ጎፈር ያለ ነው። እናት እንደወለደች ሌላውን መንጋ ከውርንጭላዋ ታርቃለች። ልጁ የእናቱን መስመር፣ ሽታና ድምፅ እስኪለይ ድረስ ማንም እንዲጠጋው አትፈልግም። የእያንዳንዷ መስመር ለየብቻ ነውና መለየት ይቻላል።

መስመሩ ለምን ጠቀመ? አስጎብኚው "በዝንብ ነው" አለ። በዚህ እኔም ከጎኑ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 እነ ቲም ካሮ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ፈረሶችን ባለመስመር ልብስ አልብሰው ዝንብ ቆጥረው ነበር። ባለመስመሩ ልብስ ላይ ያረፈው ዝንብ ነጠላ ቀለም ካለው ላይ ካረፈው በጣም አነሰ። ዝንቡ ቀርቦ ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይስታል። በቆላ ዝንብ ሳቢያ በገንዲ በሽታ የሚከሱ ከብቶችን ላየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይጥራ። ነጭ ሳር ላይ የምታዩት ሰፋፊ መስመር ያለውን፣ መስመሩ ሆዱ ሥር ድረስ የሚወርደውን ዓይነት ነው። ቀጫጭን መስመር፣ ነጭ ሆድና ትልልቅ ክብ ጆሮ ያለው፣ ግሬቪ የሚባለው የሜዳ አህያ ሌላ ነው። እሱን የፈለገ አፋር፣ አለደጌ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1882 ከአገራችን ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ የተላከው ስጦታ ይኸው ነው፤ ስሙም ከዚያ ቀረ። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ከጥቂት ሺህ አይበልጥም፤ አብዛኛውም ኬንያ ነው። ጠባዩም ይለያል። ድንጉላው ቤተሰብ ይዞ አይዞርም፤ መሬት ይይዝና ባዝራዎች ሲያልፉ ይጠብቃል።

ለፓርኩ 5 ያልሰጠሁት በሣሩ ምክንያት ነው። ነጭ ሳር እ.ኤ.አ. በ1974 ሲከለል 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር። አሁን ከብት በብዛት ይገባል፤ ቁጥቋጦውም ሜዳውን እየወረረው ነው። የሜዳ አህያ አያመሰኳም። ሻካራ አገዳ እንኳ በብዛት በልቶ ቶሎ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከላም ይልቅ ክፉ ሣር ይችላል። ግን ሣር ራሱ ከሌለ ምን ይበላል? ከብት ያለው ሰውም መኖር አለበት፤ ይገባኛል። ቢሆንም የሁለቱን ግጦሽ የሚለይ ስምምነት ዛሬ ነገ ሳይባል ያስፈልጋል።

የምትሄዱ ከሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። ፎር ዊሉን ከመክፈላችሁ በፊት ዳገት ላይ አስነድታችሁ ሞክሩት። ውኃ በብዛት ያዙ፤ ባይናኩላር ካላችሁ አትርሱ። ዝናብ ከጣለ ግን ቀኑን ለውጡ፤ የሜዳው አፈር መረሬ ስለሆነ መኪና ይውጣል። አስጎብኚውንም ከዋዜማው ጀምራችሁ ያዙት፣ ሙሉ ቀን እንደምትፈልጉም ንገሩት።