ለካ የጃፓንኛው «ዮ» ማለት «እኮ» ነው! (ለአስተማሪዬ፣ ለሴንሴይ ምስጋና)

ሰላም ጃፓን ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ እንደኔ ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ ወረዳ አካባቢ የምትኖሩ። ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፣ ይሄን ግን ዋጥ አድርጌ ብቀመጥ ግፍ ነው።

እዚህ አገር አራት አመት ሊሞላኝ ነው። ፊደላቸውን፣ ሂራጋናውንም ካታካናውንም ለመድኩት፣ ቃሉንም እንደምንም ሸመደድኩ፣ እነዛ በየቃሉ ጭራ የሚለጠፉት ዋ፣ ጋ፣ ኒ፣ ዴ፣ ኔ፣ ዮ የሚባሉት ትናንሽ ነገሮች ግን ጸጉሬን ሊያስነጩኝ ነበር። ጆሺ ነው የሚሏቸው። ጭራሽ «ሃ» ብለው ጽፈው «ዋ» ብለው ያነቡታል፣ በምን አንጀት ይቻላል?

መጀመሪያ በላቤ ያገኘሁትን የን ከፍዬ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም። ሀያ ምናምን ሰው አንድ ክፍል ውስጥ፣ አስተማሪዋ ስክሪኑን አንብባ ትወጣለች፣ ለምን እዚህ ጋር «ኒ» እዛ ጋር «ዴ» ሆነ ስላት «እንዲሁ ነው፣ ያዢው»። ኤን ፎር የሚባለውን የጃፓንኛ ፈተና ሁለቴ ወደቅኩ። ከዛ በቴሌግራም የሚያስተምር የኛው ልጅ አገኘሁ፣ በአማርኛ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ የሁለት ወር ቀድሜ ላኩለት። «ዮ ማጠንከሪያ ነው፣ መጨረሻ ላይ ጣል ጣል አድርጊበት፣ ጃፓን ነው የምትመስይው» አለኝ። አራተኛው ክላስ ላይ ብሎክ አድርጎኝ ጠፋ። ገንዘቡስ ይቅር፣ ምክሩ ነው ጉድ የሰራኝ!

ቤንቶ (የታሸገ ምሳ) ፋብሪካ ነው የምሰራው። ሀላፊዬ ጓንት ቀይሪ፣ ሩዙን ቀንሺ ባለኝ ቁጥር እኔ ፈገግ ብዬ፣ ገባኝ ለማለት «ዋካሪማሽታ ዮ!» እላለሁ፣ የጎበዝ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ። ሰውዬው ፊቱ እየጠቆረ መጣ፣ ሰላምታ ቀነሰ፣ ሽፍቴንም ቀነሰብኝ። ማታ ለእናቴ እየደወልኩ አለቅሳለሁ፣ መልኬን ጠልቶት ነው እያልኩ።

አንዷ ጓደኛዬ ናት በግድ ጎትታ በጎ ፈቃደኞች የሚያስተምሩበት ክፍል የወሰደችኝ። ሰባዎቹን ያለፉ እናት ደረሱኝ። ሴንሴይ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ቀን መጽሐፍ እንኳን አልከፈቱም፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የከፋው አሉኝ፣ ነገርኳቸው። እሺ እኔ ሀላፊሽ ልሁን፣ ያልሽውን በይኝ አሉ። «ዋካሪማሽታ ዮ» ስላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዝም አሉ። ከዛ የሚገርም ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ባንቺ ቋንቋ አንድ ሰው የማያውቀውን ነገር ስትነግሪው፣ ይሄ ምግብ ይጣፍጣል ብለሽ ስትገፋፊው፣ መጨረሻ ላይ የምትጨምሪው ነገር የለም? ትንሽ አሰብኩና «ይጣፍጣል እኮ» አልኩ። እ...ኮ። ያኔ ደርቄ ቀረሁ። ሰውዬውን ለካ ስንት ወር ሙሉ «ገባኝ እኮ! ገባኝ አልኩህ!» ስለው ነው የከረምኩት!

ሴንሴይ ትንሽዬ ደብተራቸውን አውጥተው «እኮ» የሚለውን በካታካና ጻፉት፣ ከዛ ከት ብለው ስቀው የገበያ ቦርሳቸውን አሳዩኝ፣ እነሱ ለካ ከላስቲክ የሚገላግለውን የጨርቅ ቦርሳ «እኮ ባግ» ነው የሚሉት። በአራት አመት ውስጥ በቋንቋሽ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም፣ እሳቸው ጠይቀው ደግሞ ጻፉት። እዛው እንባዬ መጣ።

ከዛ በኋላማ ተከታትሎ ገባ። «ሳሙይ ዴስ ኔ» ማለት «ይበርዳል አይደል?» ነው፣ ሰውየው እንዲስማማልሽ ነው የምትጋብዢው። «ዋታሺ ሞ» ቁርጥ «እኔም»። «አናታ ዋ?» ሲሉሽ «አንቺስ?» ነው። ኒ እና ዴን ደግሞ በሻይ ነው ያሳዩኝ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው «ኮኮ ኒ ኢማስ»፣ እዚህ አለሁ፣ ከዛ ሲኒውን አንስተው ፉት እያሉ «ኮኮ ዴ ኖሚማስ»፣ እዚህ እጠጣለሁ። ዝም ብለሽ ካለሽ ኒ፣ የምትሰሪው ነገር ካለ ዴ። ይሄን ለመስማት ስንት የን ከፍያለሁ መሰላችሁ!! ሁሌ እንዲህ ልክክ አይልም፣ ዋ እና ጋ እስካሁን ይደባለቁብኛል፣ ሴንሴይም እሱ ቀስ ይበል ብለውኛል።

ፋብሪካ ስመለስ ዮዋን አውልቄ «ዋካሪማሽታ» ብቻ ማለት ጀመርኩ። አንድ ጠዋት በረዶ እየጣለ በሩ ላይ አገኘሁት፣ ፈራ ተባ እያልኩ «ሳሙይ ዴስ ኔ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ሶ ዴስ ኔ»፣ ልክ ነሽ አለኝ፣ ጓንቱን እያሻሸ። ሽፍቴም ተመልሶልኛል።

እባካችሁ ለማታውቁት ሰው ገንዘብ አትላኩ። መጀመሪያ የሰፈራችሁ ኩያክሾ (የወረዳ ጽሕፈት ቤት) ሄዳችሁ «ኒሆንጎ ክዮሺትሱ»፣ የጃፓንኛ ክፍል ማለት ነው፣ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ የኮፒ ብቻ ነው የከፈልኩት። ካትሱሺካ ያላችሁ ደግሞ እኔጋ ኑ፣ እኚህን እናት ሳታገኙ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ስልካቸውን ግን አትጠይቁኝ፣ ሳላስፈቅድ አልሰጥም። ኢንቦክስ አድርጉልኝና ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ በር ላይ ስትደርሱ «እኮ!» ብላችሁ ግቡ፣ በሳቅ ነው የሚቀበሏችሁ።