ጎንደር ያላችሁ የቮልስ ባለቤቶች፣ ከዚህ ልውውጥ ተጠንቀቁ

በከተማችን አንድ ዓይነት ማታለል እየተደጋገመ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደላላው ቮልስዋገን ያለው ሰው ዘንድ ይመጣና «ይህ እኮ ቆርቆሮ ነው፤ ገንዘብ ጨምርበትና በ2008 ሞዴል ቪትዝ ልቀይርልህ» ይላል። ጎረቤቴ የአባቱን ቮልስ በዚህ መንገድ አስረከበ። ሊብሬው «ኋላ ይመጣል» ተብሎ ውክልና ብቻ ተሰጠው። ቪትዙን ጋራዥ ወስዶ ኮፈኑን ሲያስከፍት የሻንሲው ቁጥር የሚጀምረው በኤስሲፒ10 ነበር።

ኤስሲፒ10 የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ነው። ቶዮታ ያንን ሞዴል የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2005 ነው። ቀጥሎ የመጣው ባለ 1 ሊትር ሞተር ቪትዝ ደግሞ ኬኤስፒ90 ይባላል። ስለዚህ ኤስሲፒ10 የሆነ የ2008 ቪትዝ ሊኖር አይችልም። ቁጥሩን ኮፈኑ ስር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሻጩ ለማሳየት ካንገራገረ ጥላችሁት ሂዱ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም አትመኑ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን መርገጫው ጎማ ተበልቶ ሳለ ቆጣሪው ጥቂት ካሳየ ነገሩ ግልጽ ነው።

ቪትዝ መጥፎ መኪና ነው ማለቴ አይደለም። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ፍሬኑም ከቮልስ እጅግ ይሻላል። ልጆች ይዞ ወደ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሰው እኔም የምመክረው ቪትዙን ነው። የሚያናድደኝ የቮልሱ ዋጋ ከንቱ መደረጉ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር ስለሌለው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ የሚፈላ ውሃ የለውም። የከተማችን አንጋፋ መካኒኮችም አሠራሩን ጠንቅቀው ያውቁታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀርመን ጣራው የማይከፈተውን መደበኛ ቮልስ መሥራት ያቆመችው በ1978፣ ሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ነው፤ ከእንግዲህ አይሠራም። በደህና የተያዘውን የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች እንዳሉ ደላላው ያውቃል፣ ለባለቤቱ ግን አይነግረውም። እናንተም ከመደራደራችሁ በፊት የኋላ መቀመጫውን አንስታችሁ ባትሪው ያረፈበትን ወለል እዩ፤ ዝገቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ያ ወለል ጤነኛ ከሆነ «ቆርቆሮ» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ጦፏል፤ ሰው «ዛሬ ካልገዛሁ ያመልጠኛል» ብሎ ይቸኩላል፣ አታላዩም የሚፈልገው ይህንኑ ችኮላ ነው።

ሊብሬውን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ሳታመሳክሩ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሳታረጋግጡ ቁልፍ አትስጡ። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ደግሞ ቀሪውን ገንዘብ ያዙትና ነገ ጠዋት መኪናውን ራሳችሁ ወደመረጣችሁት መካኒክ ውሰዱ።