ለአንዲት የሥራ ላይ አሰልጣኝ ምስጋና፣ ለቤተሰቦች ጥቆማ

ቱሉ ዲምቱ፣ ቃሊቲ፣ ገላን አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወጣት ካለ ይህቺን አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ቃሊቲ አንድ ባልትና ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ቋሚ ነው። ደሞዙ በራሱ ደብተር ይገባል። ወር መጨረሻ ላይ እማዬ ከእሱ ትበደራለች፣ መመለሱን ግን እንጃ።

ለዚህ ያበቃችው አንዲት የሥራ ላይ አሰልጣኝ ናት። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላለችኝ አልጽፍም።

ቀደም ሲል የነበረበት ማሰልጠኛ ዶቃ ሲሰካ ነው የከረመው። ስንጠይቅ «ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ» ይሉናል። በቀጣዩ ዓመትም ያው መልስ። እሷ ነገሩን ገለበጠችው። መጀመሪያ ሥራ ይገኝለት፣ ስልጠናው እዚያው ሥራው ላይ ይሁን ባይ ናት። አሠራሩ የእሷ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 1986 በሕጋቸው ውስጥ ጭምር አስገብተውታል።

ቤታችን ስትመጣ የጠየቀችን ስለማይችለው ነገር አይደለም። ምን ያስደስተዋል? ምን ያናድደዋል? ወንድሜ ጫጫታ አይወድም። መደርደር ግን ነፍሱ ነው፤ በር ላይ ያለ ጫማ ካልተስተካከለ ምሳ አይበላም። እንግዲህ ወፍጮው ጋ አይሆንም፣ ማሸጊያ ክፍል ይሁን ተባለ።

ከዚያ መጀመሪያ ራሷ ሽሮ አሸገች። እያንዳንዷን እርምጃ ጻፈች። ላስቲኩን መክፈት፣ ሽሮ መጨመር፣ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ፣ ካነሰ መሙላት፣ አፉን ማጠፍ፣ ማሽኑን መጫን፣ ካርቶን ውስጥ መደርደር። ወንድሜ ሚዛኑ ላይ ተያዘ። ቁጥር አያነብማ! እሷ ምን አደረገች? ሚዛኑ ላይ አንድ ኪሎው ጋ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች። ጠቋሚዋ ቀዩ ላይ ከቆመች በቃ፣ ልክ ነው። አሁን የሌሎቹን ሥራ ሳይቀር እያነሳ ይመዝናል፣ ቀዩ ላይ ካልቆመ ይመልስባቸዋል። አንዳንዶቹ አኩርፈውበታል አሉ።

ታክሲውንም እንደዚያው። መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ቀጥሎ ከኋላ ወንበር፣ በመጨረሻ በሌላ ታክሲ ተከተለችው። ታክሲው መንገድ ካቆራረጠ ወርዶ እንዲደውል አስለምዳዋለች፤ ይደውላልም።

እኔን የገረመኝ ግን ቀስ በቀስ እንዴት እንደወጣች ነው። የሆነ ነገር ግራ ሲገባው ወደ እሷ ይዞራል። እሷ አጠገቡ ወደምትሠራው ልጅ ትጠቁመዋለች፣ «እሷን ጠይቃት» ብላ። ለሚያይ ሰው ጨካኝ ትመስላለች። ልጅቷ ግን ማሳየት ለመደች፣ እሱም እሷን መጠየቅ ለመደ። አሰልጣኟ በየቀኑ መምጣቷን ተወች፣ አሁን አልፎ አልፎ ብቅ ብላ ታያለች።

የባልትና ቤቱ ባለቤት ደግ ሴት ናት፣ እግዜር ይስጥልኝ። መጀመሪያ ላይ ግን «ለጊዜው በነፃ ይልመድ» ብላ ነበር። አሰልጣኟ አይሆንም አለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደማንኛውም ሠራተኛ መብት አለው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት የወጣውን አዋጅ 568/2000ንም ይዛ ሄዳ አሳየቻት። አካል ጉዳት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዊልቸርና ነጭ በትር ነው። አዋጁ ግን የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፣ ቀጣሪው ሥራውን እንዲያመቻችና የሚረዳ ሰው እንዲመድብም ይላል። ይህን ሕግ ስንቱ ቀጣሪ ያውቀዋል? ስንቱ ቤተሰብስ?

እንከኗንም ልናገር። ሁሉንም አትቀበልም። ልጁ ራሱ መሥራት እፈልጋለሁ ካላለ የእናት ልመና አይበግራትም። ሥራ እስኪገኝም መጠበቅ አለ፣ እኛም በደንብ ጠብቀናል። በሁለት ሳምንት ተአምር የሚፈልግ ባይደውል ይሻላል።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዳቦ ቤት፣ ላውንደሪ ወይም ዶሮ እርባታ ያላችሁ ቀጣሪዎችም ጻፉ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች አሏት። ከሰዓት በኋላ ደውሉ፣ ጠዋት አታነሳም።