ሰውን ሥራው ላይ ለማንሳት የትኛው ሌንስ? 35፣ 50 ወይስ 85

ሌንስ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ የምትሰሙት ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ለፖርትሬት 85 ይሻላል፣ ጀርባውን ድብዝዝ ያደርግልሃል»። ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበልጥ ይጠብባል። ምክሩ ለሙሽራና ለምረቃ ጥሩ ነው። ለሸማኔ፣ ለመካኒክ፣ ለልብስ ሰፊ ግን አይሆንም ባይ ነኝ። የሠራተኛ ፎቶ የፊት ፎቶ ብቻ አይደለም። ፊቱ፣ እጁና መሣሪያው አንድ ላይ ሲገቡ ነው ሥራው የሚታየው። ጀርባው ከደበዘዘ ደግሞ የሥራ ቦታውም አብሮ ይጠፋል።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሌዊስ ሃይን እ.ኤ.አ. በ1920 ያነሳውን መካኒክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው ጎንበስ ብሏል፤ ጀርባው የማሽኑን ክብ ተከትሎ ታጥፏል፤ በእጁ ትልቅ የብሎን መፍቻ ይዟል። መፍቻውን በሐሳባችሁ ከፍሬሙ አውጡት። ጡንቻው ይቀራል፣ ሥራው ግን ይጠፋል።

ቦታው ይበቃችኋል?

እኔ ንጽጽሩን የምጀምረው ከክፍሉ ስፋት ነው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ የሸማኔ ቤት ገብታችኋል እንበል። ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ከታች መርገጫውን ይረግጣሉ፣ እጆቹ መወርወሪያውን በድሩ መሀል ወዲያና ወዲህ ይልካሉ። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ጭንቅላቱ በላይ፣ 1.4 ሜትር ያህል ከፍታ በአግድም ፍሬም ማስገባት ትፈልጋላችሁ። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ (ሴንሰሩ የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ፍሬም የሚያህል) በ35 ከሆነ 2 ሜትር መራቅ ይበቃል። በ50 ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። በ85 ግን 5 ሜትር ያህል ያስፈልጋችኋል። እዚያ ቤት ውስጥ 5 ሜትር ከየት ይመጣል? ወይ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል፣ ወይ በር ላይ ትወጣላችሁ።

እዚያው 2 ሜትር ላይ ቆማችሁ ሌንስ ብቻ ብትቀይሩስ? 85 የሚያስገባው 85 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 56 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው። ፊትና ትከሻ ይገባሉ፤ መወርወሪያውን የላከው እጅ ውጭ ይቀራል። 50 ወደ 1.4 ሜትር ስፋት ስላለው ፊቱን፣ ሁለቱን እጆችና የተሠራውን ጨርቅ ይይዛል። 35 ደግሞ 2 ሜትር ስፋት ይሰጣል፤ ድሩ፣ መስኮቱ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ሁሉ ይገባሉ። ይህ የ35 ጥቅምም ጣጣም ነው፤ ጥግ ላይ ያለ ቢጫ ጄሪካን ሳይቀር አብሮ ስለሚገባ ፍሬሙን አራቱንም ጠርዝ እያያችሁ ማንሳት አለባችሁ።

ማሳሰቢያ፦ በ35 ከ1 ሜትር በታች ከተጠጋችሁ መዶሻ የያዘው እጅ ከጭንቅላቱ በልጦ ሊታይ ይችላል። አንዳንዴ ያምራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሰውየውን ያዛባዋል።

ፉል ፍሬም ከሌላችሁ

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። የካኖን ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ ላይ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም የሚያንስ) 50 ስትገጥሙ እይታው 80 ያህል ይሆናል፤ ቁጥሩን በ1.6 አባዙት። በኒኮንና በሶኒ በ1.5 ነው። ስለዚህ ርካሹ 50 በእናንተ ካሜራ ላይ የተደበቀ 85 ነው፤ ከላይ ያልኩት የቦታ ችግር ሁሉ ይመለከተዋል። ካኖን ክሮፕ ያላችሁ ባለ 24 ሚሊ ሜትሩን ኢኤፍ-ኤስ ፈልጉ። እይታው 38 ገደማ ነው፣ ክብደቱ 125 ግራም ብቻ ነው፣ እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠግቶ ፎከስ ስለሚያደርግ የጣቶችን ዝርዝር ያነሳል። ኒኮን ክሮፕ ላይ ባለ 35ው ዲኤክስ ወደ 52 ይጠጋል፤ እሱም ያስኬዳል።

ቆርጦ ማስተካከል ምን ያህል ያዋጣል?

«በሰፊ ሌንስ ሰውየው ያንስብኛል» የሚል ስጋት አለ። መልሱ ፎቶውን ቆርጦ ማስተካከል ነው፣ ግን ዋጋውን እወቁት። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክሰል ይሰጣል። በ35 ያነሳችሁትን የ50 እይታ እስኪያገኝ ብትቆርጡት 12 ሜጋፒክሰል ያህል ይቀራል፤ 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ድረስ ጥርት ብሎ ይታተማል። እስከ 85 ከቆረጣችሁት 4 ሜጋፒክሰል ብቻ ነው የሚተርፈው። ለስልክ ይበቃል፣ ለኤግዚቢሽን አይበቃም። ከ50 ወደ 85 ግን 8 ያህል ስለሚተርፍ ኤ4 ወረቀት ይሞላል። ጨለም ባለ ቤት አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጋችሁ ካነሳችሁ፣ ስትቆርጡ ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብም አብሮ ይጎላል።

የፊትን ቅርጽ የሚወስነው የቆማችሁበት ርቀት ነው። ከ2 ሜትር በ35 አንስታችሁ ብትቆርጡት፣ አፍንጫና ጆሮ ከዚያው ቦታ በ85 ከተነሳው ጋር አንድ ዓይነት መጠን አላቸው። የሚለየው የጀርባው መደብዘዝና ጥራቱ ነው። በሌላ በኩል 85 ውጭ ያስቀረውን እጅ በሐቀኝነት የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። ዓለም አቀፉ የዜና ፎቶ ውድድር ወርልድ ፕሬስ ፎቶ እንኳ ትርፍ ነገርን ቆርጦ ማውጣት ይፈቅዳል፤ ፎቶው ውስጥ ነገር መጨመርን ግን አይቀበልም። መቁረጥን አጥብቆ ይቃወም የነበረው ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲየ-ብሬሶን እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ውስጥ ያነሳውን ውኃ የሚዘል ሰው ፎቶ ቆርጦታል፤ የአጥር እንጨት ጎኑን ሸፍኖበት ነበር።

ስትቆርጡ መገጣጠሚያ ላይ አትቁረጡ፤ አንጓ፣ ክርን፣ ጉልበት ላይ ከተቆረጠ ሰውየው አካሉ የጎደለ ይመስላል። ክንድ መሀል ላይ ይሻላል። የመዶሻውን ራስና የመርፌውን ጫፍ አትንኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራውን ማን እንደሚሠራ አትለውጡ። ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ፊት ለፊት ብረቱን የሚይዝለት ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። ፍሬሙ እንዲያምር ብላችሁ ያንን እጅ ካወጣችሁት፣ የሁለት ሰው ድካም ለአንዱ ብቻ ሰጣችሁት። ይህ የቅንብር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ማን የቱን ይግዛ?

ፉል ፍሬም ላላችሁና በጠባብ ቤት ለምትሠሩ፣ የእኔ ምርጫ 35 ነው። ባለ ኤፍ/2ቱ ካኖን (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ የበለጠ ብርሃን ያስገባል) 335 ግራም ይመዝናል፣ እስከ 24 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በጀት ከጠበበ 50ን ግዙ፤ ባለ ኤፍ/1.8ቱ ካኖን 160 ግራም ነው፣ ኪስም አይጎዳም። 85ን ሦስተኛ አድርጉት። የካኖኑ ኤፍ/1.8 ከ85 ሴንቲ ሜትር በታች ፎከስ አያደርግም። የሚያዋጣው ጠጋ ማለት በማይቻልበት ነው፤ ከብየዳ ብልጭታ፣ ከሚንቀሳቀስ ማሽን፣ ከግንባታ ላይ። ያገለገለ ስትገዙ የስልክ መብራት በመስታወቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ሻጋታ ፈልጉ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ፈትኑበት። በካኖን ክሮፕ 22 ላይ ስታደርጉት የ35፣ 31 ላይ የ50፣ 53 ላይ የ85 እይታ ይሰጣችኋል። አንድ ሠራተኛ ፈቅዶላችሁ በሦስቱም አንሱ፣ ዙሙን በመሀል ሳትነኩ። ከዚያ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ዘርግታችሁ ስንቱ ላይ እጅና መሣሪያ ሙሉ እንደገቡ ቁጠሩ። ሙሉ የገቡበት ብዙው የ22 ከሆነ የ35 እይታ የሚሰጣችሁን ግዙ (ፉል ፍሬም ላይ 35ን፣ ካኖን ክሮፕ ላይ 24ቱን)፤ በ31ዱም ካልጎደለባችሁ የ50 እይታ ይበቃችኋል።