ማስጠንቀቂያ፦ ጅማ ውስጥ የቮልስ ካርብሬተር «አሮጌህን ስጥና በአዲስ እንቀይርልህ» ሲሏችሁ

ጅማ ውስጥ የድሮ ቮልስ ለያዘ ሰው የሚቀርብ አንድ ግብይት አለ። አሮጌውን ካርብሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ) ትሰጣላችሁ፣ ገንዘብ ትጨምራላችሁ፣ ባለ 34 የሚባል የሚያብረቀርቅ አዲስ ይገጠምላችኋል። «ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን ይቆጥባል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይሆኑም። ገንዘቡ እንኳ ይሁን ይባላል፤ ትልቁ ኪሳራ የሰጣችሁት አሮጌው ነው።

«ሶሌክስ» የሚለው ስምና 28፣ 30 ወይም 34 ፒክት የሚለው ቁጥር ከአካሉ ጋር አብሮ የፈሰሰበት የድሮ ካርብሬተር ካላችሁ ከእጃችሁ አይውጣ። የብራዚሉ ብሮሶልም ደህና ዕቃ ነው። የነዚህ ዋና በሽታ አንድ ነው፦ የጋዙን ሳህን የሚያዞረው ዘንግ መቀመጫውን ይበላዋል። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ በዚያ አየር ይገባል፤ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሰራበት ዙር) ይወጣል ይወርዳል፣ የማስተካከያ ቪቴው ቢዞርም አይጸናም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሰራ በሲሪንጅ ጥቂት ጠብታ ውሃ ዘንጉ ሥር አንጠባጥቡ። ድምፁ ከተለወጠ ጥፋተኛው ተገኘ። መድኃኒቱ ቶርኖ ቤት ነው፦ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የነሐስ ቡሽ (ዘንጉ የሚቀመጥበት ቀለበት) ይገባበታል። ከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ የቤንዚን መርፌና የፖምፓ ላስቲክ ከተደረገለት ብዙ ዓመት ያገለግላል። «አልቆለታል» ተብሎ የተወሰደባችሁ ካርብሬተር ታጥቦ ለሌላ ሰው «ኦርጂናል» ተብሎ የሚሸጠውም ለዚሁ ነው።

ባለ 34 ለማን ነው? ቁጥሩ የጉሮሮውን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል፤ 34 ፒክት-3 የ1600 ሞተር ዕቃ ነው። 1300 ባለ 30 ወይም 31 ይዞ ነው የሚመጣው። ጉሮሮው ሲሰፋ በዝቅተኛ ዙር አየሩ ፍጥነት ያጣል፣ ቤንዚኑን ከጄቱ (ቤንዚን ተለክቶ ከሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቪቴ) መሳብ ያቅተዋል፣ ጋዝ ስትረግጡ መኪናው ይታነቃል። የማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ) መቀመጫም ስለማይገጥም በመሃል አዳፕተር ይደረጋል፤ ይኼ ሌላ የአየር ማስገቢያ ነው። ከዚያ መካኒኩ መታነቁን ለማጥፋት ጄቱን በድሪል ያሰፋዋል። ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቁጠባ የተባለው እዚያ ላይ ያልቃል።

ስለ ጄት ካነሳን፣ ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ በባህር ጠለል ካለው ወደ 16 በመቶ ይሳሳል። በካርቶን ተዘግቶ የመጣ ካርብሬተር ግን ለቆላ ነው የተለካው። ዋናው ጄት ላይ 127.5 የሚል ካለ ቀዳዳው 1.275 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ለጅማ 122.5 ይበቃል። ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ 125 ይሻላል፤ ጊቤ በረሃ ወርዳችሁ ወደ ወልቂጤ ሽቅብ ስትወጡ አየሩ ወፍራም ስለሚሆን 122.5 ቤንዚን ያሳንሳል፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ ሙቀት አይችልም። ጄት ቁጥር ተጽፎበት ይገዛል እንጂ አይበሳም። ሲዘጋም በነፋስ ይጸዳል፤ ሽቦና መርፌ ያሰፋዋል።

አሁንም አዲስ ልግዛ የምትሉ፣ ከሱቁ ሳትወጡ ቤንዚን የሚገባባትን የናስ ቱቦ በፒንሳ ያዙና በቀስታ ጠምዝዟት። ይቺ ቱቦ በቪቴ አልታሰረችም፣ ተጨቁና ነው የገባችው። ከዞረች ወይም ከተንቀሳቀሰች ካርብሬተሩን መልሱ። በሞተር ሙቀትና ንቅናቄ ሾልካ ከወጣች የቤንዚን ፖምፓው ቤንዚኑን ዲስትሪቢዩተሩ (ኤሌክትሪክ ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ላይ ይረጨዋል፣ ዲስትሪቢዩተሩ ደግሞ እሳት ይተፋል። ቮልስ ከኋላ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። «ሞዲፊክ» ብለው በፖምፓውና በካርብሬተሩ መካከል የብረት ፊልትሮ የሚያንጠለጥሉም አሉ። ክብደቱ ቱቦዋን እየጎተተ ያወጣታል። የፊልትሮ ቦታ ከፖምፓው በፊት፣ ከሞተር ክፍሉ ውጪ ነው። ቤንዚን በጀሪካን የምትገዙ ደግሞ ያለ ፊልትሮ ባትነዱ ይሻላል፤ ውሃው በካርብሬተሩ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ሥር ይተኛና ነጭ ዝገት ያበቅላል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን እዩ። የቾኩና የሶሌኖይዱ (ቁልፍ ሲዘጋ የሚኒሞ ቤንዚን የሚያቋርጠው) ቮልት ከመኪናችሁ ጋር አንድ ይሁን፤ በጣም የድሮዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ የ12 ቮልት ቾክ እዚያ ላይ ቶሎ አይከፈትም፣ ቤንዚንም ይበላል። ቁልፍ ከፍታችሁ የሶሌኖይዱን ሽቦ ነቅላችሁ መልሳችሁ ብታስነኩት ጠቅ ማለት አለበት። ከካርብሬተሩ ጋር ጎኑ ላይ ቫኪዩም (በሞተሩ ሳብ የሚሰራ ክብ ቆርቆሮ) የሌለው ዲስትሪቢዩተር «በአንድ ላይ» ሲሸጡላችሁ እምቢ በሉ። ከ34 ፒክት-3 ጋር ተጣምሮ ጋዝ ስትረግጡ የሚፈጥረው መታነቅ የታወቀ ነው።

ክረምት ላይ ብዙ ደህና ካርብሬተር በከንቱ ይጣላል። ጅማ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን ቤንዚኑ እየተነነ የማኒፎልዱን አንገት ያቀዘቅዘዋል፣ ውስጡ በረዶ ይጋግራል፣ ሞተሩ ይንገዳገዳል። ይህን የሚከላከለው የጭስ ሙቀት የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ሲሆን በጥላሸት ይደፈናል። ሞተሩ 5 ደቂቃ ከሰራ በኋላ በማኒፎልዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቱቦ በጥንቃቄ ነካ አድርጉ፤ ሁለቱም ወገን መፋጀት አለበት። አንዱ ከቀዘቀዘ ቱቦው ይጸዳ፣ ካርብሬተሩ አይነካ።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር፣ የፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር መሆኑን አስለኩ። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርብሬተር መቀየር ራስ ለሚያመው ጫማ መግዛት ነው።

34 ፒክት-3 ሲስተካከል አጠገቡ ቁሙ፤ የሚሰራውን ከሚያስመስለው የምትለዩት እዚህ ነው። ሞተሩ ሙቅ፣ ቾኩ ሙሉ ክፍት መሆን አለበት። የጋዙ ሳህን ቪቴ እስኪነካ ድረስ ይገባል፣ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመራል፤ በዚህ ቪቴ ሚኒሞ የሚያስተካክል መካኒክ ካርብሬተሩን አያውቀውም። ጎን ላይ ካሉት ሁለት ቪቴዎች ትንሿ ሳትጨነቅ እስከ መጨረሻ ገብታ ሁለት ዙር ተኩል ትወጣለች። በትልቁ ቪቴ ዙሩ በደቂቃ 850 ላይ ይደረጋል። ከዚያ ትንሿ ቪቴ ሞተሩ በጣም እስኪፈጥን ትዞራለች፣ ቀጥሎ ዙሩ ከ20 እስከ 30 እስኪወርድ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ በትልቁ እንደገና 850 ይደረጋል። በጆሮ ብቻ ሳይሆን ዙር መለኪያ ያለው ቢሰራው ይሻላል።

የምትከፍሉት በደረሰኝ ይሁን፤ ደረሰኙ ላይ የካርብሬተሩ ዓይነት፣ የጄቱ ቁጥርና ቮልቱ ይጻፍ። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። አሁን ያለ ደረሰኝ ያስረከባችሁ ካላችሁም ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ቶርኖ ቤት ገብቶ አዲስ ቡሽ ከለበሰ በኋላ «የእኔ ነው» ብሎ መለየት ይከብዳል።